ማይክሮስኮፕ ብቻውን የማይጨርሰው ሥራ

በኢትዮጵያ የጤና ሳይንስ ኮሌጆች የሚሰጠው የሕክምና ላቦራቶሪ ሥልጠና ሠልጣኙ ናሙና ከተረከበበት ጊዜ አንሥቶ ውጤቱን መዝገብ ላይ እስኪያሰፍር ድረስ ያለውን ሥራ በጥንቃቄ ያስተምራል፤ ከዚያ በፊትና ከዚያ በኋላ ያለውን፣ ማለትም ታካሚን ማነጋገርን፣ ምርመራውን ካዘዘው ባለሙያ ጋር መመካከርንና ውጤቱን ሳይዛባ ማድረስን ግን በአብዛኛው ለሠልጣኙ ጠባይና አስተዳደግ ይተወዋል። የሕክምና ላቦራቶሪ ሳይንስ ሲባል ደምን፣ ሽንትን፣ ሰገራን፣ አክታንና ሌሎች ከሰውነት የሚወሰዱ ናሙናዎችን በመመርመር በሽታን ለመለየት፣ የሕክምናን ሂደት ለመከታተልና ወረርሽኝን ቀድሞ ለማወቅ የሚያስችል የሙያ ዘርፍ ነው፤ ተግባቦት ሲባል ደግሞ መልእክት ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው በትክክል ደርሶ ለታሰበለት ተግባር እንዲውል የማድረግ ክሂል ነው። ሁለቱን በየፊናቸው ማስተማር የተለመደ ቢሆንም፣ ሁለት ቋንቋ በሚነገርበት፣ ደገኛው ለሥራ ቆላ ወርዶ በሚመለስበት በአማራ ክልል እንደሚገኘው እንደ አዊ ባለ ዞን የሚሠራ የላቦራቶሪ ባለሙያ ግን ነጣጥሎ ሊሠራባቸው አይችልም፤ ሥልጠናውም ሊነጣጥላቸው አይገባም።

በአዊ ዞን የአንከሻ ጓጉሳ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው አገው ግምጃ ቤት ለዚህ ክርክር ጥሩ ማሳያ ናት። በሀገሪቱ የጤና አገልግሎት እርከን መሠረት ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000፣ የገጠር ጤና ጣቢያ ከ15,000 እስከ 25,000፣ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ደግሞ ከ60,000 እስከ 100,000 ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተዋቀረ ሲሆን፣ በጤና ኬላው የሚገኘው ምርመራ ከፈጣን መመርመሪያ ብዙም ስለማያልፍ፣ ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ የላቦራቶሪ ባለሙያ የሚፈልገው ገበሬ ወደ ጤና ጣቢያው ወይም ወደ ሆስፒታሉ መምጣት ይኖርበታል። እንዲህ ባሉ ከተሞች ሕመምተኛው ጉዳዩን ከገበያ ጋር አዳብሎ ስለሚመጣ በገበያ ቀን የላቦራቶሪው መስኮት ይጨናነቃል። ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በራሱና በአባቱ ስም ስለሆነ፣ በአንድ አካባቢ ደግሞ የሚዘወተሩት ስሞች ጥቂት ስለሆኑ፣ ስምና የአባት ስም የተመሳሰለባቸው ሁለት ሰዎች በአንድ ጠዋት አንድ ወንበር ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ፤ ባለሙያው የካርድ ቁጥሩን፣ ዕድሜውንና ቀበሌውን ካልጠየቀ፣ ጠይቆም መልሱን በወጉ ካላዳመጠ፣ የአንዱ ደም በሌላው ስም ሊጻፍ ነው። ደም ለመስጠት የሚደረግ የደም ዓይነት ምርመራ ከሆነ ደግሞ ይህ ስሕተት ሰው ይገድላል።

የሙያው ሊቃውንት የላቦራቶሪን ሥራ በሦስት ምዕራፍ ይከፍሉታል፤ ትእዛዙ የሚጻፍበትና ናሙናው የሚወሰድበት ቅድመ ምርመራ፣ ናሙናው በመሣሪያ ወይም በዓይን የሚታይበት ምርመራ፣ ውጤቱ የሚጻፍበት፣ የሚደርስበትና ሥራ ላይ የሚውልበት ድኅረ ምርመራ ናቸው። በተለያዩ አገሮች ለአሠርት ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ደጋግመው እንዳሳዩት አብዛኛው ስሕተት የሚፈጠረው በመካከለኛው ምዕራፍ ሳይሆን በመጀመሪያውና በመጨረሻው ነው። አሜሪካዊው የፓቶሎጂ ሐኪም ጆርጅ ለንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1981 ይህንን ሲያብራራ የላቦራቶሪ ምርመራ ከሐኪሙ አእምሮ ተነሥቶ፣ በናሙናውና በመሣሪያው በኩል ዞሮ፣ ተመልሶ ወደ ሐኪሙ አእምሮ የሚደርስ ዙር መሆኑን ጽፏል። ዙሩ አንድ ቦታ ላይ ከተቋረጠ፣ በመካከል የተደረገው ምርመራ የቱንም ያህል ትክክለኛ ቢሆን ታካሚውን አይጠቅመውም። የኮሌጆቻችን ሥልጠና አብዛኛውን ሰዓት የሚያውለው ግን ስሕተት በሚያንስበት በመካከለኛው ምዕራፍ ላይ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ነገሩን በቅርብ ያሳያል። ለምርመራው የሚያስፈልገው ከሳንባ ውስጥ በሳል የሚወጣ አክታ ነው፤ ምራቅ አይሆንም። ባክቴሪያው በማይክሮስኮፕ እንዲታይ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 ያህል ሊገኝ ይገባል፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ የተቀበለው፣ የባክቴሪያውን የዘር ቅንጣት አባዝቶ በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚለየውና ሪፋምፒሲን የተባለውን መድኃኒት መላመዱንም የሚያሳየው ጂን ኤክስፐርት መሣሪያ ከዚህ እጅግ ያነሰ ቁጥር ቢበቃውም፣ በዕቃው ውስጥ ያለው ምራቅ ከሆነ እሱም የሚያገኘው ነገር አይኖርም። እንግዲህ የመሣሪያው ዋጋና የባለሙያው ዕውቀት ሁሉ የተንጠለጠለው የአክታ ዕቃው ለታካሚው በሚሰጥበት ጊዜ በሚነገረው ቃል ላይ ነው። ዕቃውን በመስኮት አሾልኮ «አክታ አምጣ» ማለት በብዙ ቦታ የተለመደ ሲሆን፣ በወጉ የሠለጠነ ባለሙያ ግን እንዲህ ይላል፦ «አባባ፣ ነገ ጠዋት ከእንቅልፍዎ እንደተነሡ፣ እህል ሳይቀምሱ፣ አፍዎን በውኃ ተጉመጥምጠው ደጅ ይውጡ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ በረጅሙ ከተነፈሱ በኋላ ከደረትዎ ይሳሉና የሚወጣውን ወፍራሙን ከዚህ ውስጥ ይትፉት፤ ምራቅ እንዳይሆን፤ ክዳኑን ግጥም አድርገው፣ ፀሐይ ሳያገኘው ይዘውልኝ ይምጡ። እስኪ አሁን እርስዎ ይንገሩኝ፣ ምን ያደርጋሉ?» የመጨረሻዋ ጥያቄ ከሁሉ ትበልጣለች፤ ሽማግሌው መልሰው ሲናገሩ ያልገባቸው ነገር ወዲያው ይታወቃልና። ይህን ሁሉ ለመናገር ከአንድ ደቂቃ ብዙም የማይበልጥ ጊዜ የሚበቃ ሲሆን፣ ባለመነገሩ የሚመጣው ግን በሽታው ያለበት ሰው «የለብህም» ተብሎ ወደ ቤቱ መመለሱ፣ ቤተሰቡንም ማስያዙ ነው።

በአዊ ይህ ንግግር የሚደረግበት ቋንቋ ራሱ ጥያቄ ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት ከዞኑ ነዋሪ ወደ ግማሽ የሚጠጋው አፉን የፈታው በአዊኛ ነው፤ አዊኛ ወይም አገውኛ ከአማርኛ በተለየ የኩሽ ቤተሰብ ውስጥ የሚመደብ ቋንቋ በመሆኑ፣ ለገበያና ለቢሮ የሚበቃ አማርኛ ያላቸው እናትም እንኳ ስለ ሆዳቸው፣ ስለ ሽንታቸውና ስለ ደማቸው ሲጠየቁ ወደ አፍ መፍቻቸው መመለሳቸው የሚጠበቅ ነው። አስተርጓሚ ሆኖ የሚቆመው ብዙ ጊዜ አብሮ የመጣ ልጅ ወይም ጎረቤት ይሆናል፤ እናት ስለ እርግዝና ምርመራ፣ አባት ስለ አባላዘር በሽታ በልጃቸው አፍ እንዲናገሩ ማድረግ ደግሞ ነውር ከመሆኑም በላይ መልሱን ያጎድለዋል። ከባሕር ዳር፣ ከጎንደር ወይም ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ ወጣት ባለሙያ ይህን ሁሉ እስኪለምድ ድረስ ስንት ናሙና በከንቱ እንደሚባክን ማሰብ ያሳዝናል።

ወደ ወባ ሲመጣ ጉዳዩ ይብሳል። የግምጃ ቤትና የዞኑ ዋና ከተማ የእንጅባራ አካባቢ ደጋ ነው፤ ይሁን እንጂ ከዚያው ዞን ጃዊ ቆላ ስትሆን፣ ከዞኑም ውጭ ወደ መተከልና ወደ መተማ ለአረምና ለአጨዳ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። ደገኛው ከቆላ ሲመለስ ትኩሳቱን ይዞ ይመጣል፤ «በቅርቡ ከየት መጣህ?» የምትለው ጥያቄ ካልተጠየቀች፣ ተጠይቃም በምርመራ መጠየቂያው ወረቀት ላይ ካልሰፈረች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያው የሚደርሰው የታካሚው ስምና «የደም ፊልም» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። ደጋ ከወባ ነፃ ነው የሚለው እምነት ምን ያህል እንደሚያዘናጋ ሀገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1958 በሚያሳዝን መንገድ አይታዋለች፤ በዚያ ዓመት በማዕከላዊው ደጋ የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመና 150,000 ያህሉን እንደገደለ ተገምቷል። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በጣና ዙሪያ፣ በደምቢያ፣ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1954 ለተቋቋመው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ መመሥረት ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነበር። መካከለኛ የጤና ባለሙያን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን በዚህ ክልል የተጀመረው እንግዲህ ከወባ ጋር በተያያዘ ችግር ነው። ወባውም ገና አልለቀቀም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጥር 2024 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመም ተመዝግቧል።

የወባ ደም ፊልም አሠራር ረጋ ያለ እጅ ይጠይቃል። በአንድ ስላይድ ላይ ወፍራምና ስስ ጠብታ ይዘጋጃል፤ ወፍራሙ ጥገኛው መኖር አለመኖሩን፣ ስሱ ደግሞ ዝርያውን ለመለየት ያገለግላል፤ ከደረቀ በኋላ ጂምሳ በተባለ ቀለም ይነከርና በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ «የለም» ለማለትም ቢያንስ 100 የዕይታ መስክ ማየት ግድ ነው። ሠልጣኙ ይህንን በሚገባ ይማራል። ነገር ግን በመጨረሻ «ፖዘቲቭ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ጽፎ ቢልክ ልፋቱ ግማሽ ይሆናል፤ ምክንያቱም ፋልሲፓረም የተባለው ዝርያ የሚታከመው በኮአርተም ሲሆን፣ ቫይቫክስ የተባለው ግን በክሎሮኪን ይታከማል፤ ቫይቫክስ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ስለሚያገረሽም ለቀናት የሚዋጥ ፕሪማኪን ይታከልበታል። ዝርያው፣ የጥገኛው ብዛትና ናሙናው የተወሰደበት ሰዓት ካልተጻፈ መድኃኒት የሚያዝዘው ባለሙያ በግምት ያዝዛል። የጤና ኬላ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት አንዱ ዓይነት ፈጣን መመርመሪያ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመርቱ የፋልሲፓረም ጥገኞች በኢትዮጵያ መገኘታቸው ስለታወቀ፣ በኬላው «ነፃ» የተባለ ነገር ግን ትኩሳቱ ያልበረደ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲላክ የመጀመሪያው ውጤት በወረቀት አብሮት መምጣቱ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ አስፈላጊ ሆኗል።

በኢትዮጵያ ውስጥ በተግባቦት ጉድለት የተነሣ ከሁሉ የበለጠ ጉዳት ያደረሰው ምርመራ ግን ምናልባት ዊዳል ሳይሆን አይቀርም። ዊዳል እ.ኤ.አ. በ1896 በፈረንሳይ የተጀመረ፣ በደም ውስጥ የታይፎይድ ባክቴሪያን የሚቃወሙ ፀረ እንግዳ አካላት መኖራቸውን የሚያመለክት ምርመራ ነው፤ ዊል ፊሊክስ የሚባለው ደግሞ ለታይፈስ፣ ማለትም ለተስቦ፣ በተመሳሳይ ዘዴ ይሠራል። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲታዘዙ፣ ሰው ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» ሲል መስማት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ችግሩ ፀረ እንግዳ አካላቱ ከዓመታት በፊት ከተያዙበት በሽታም፣ ከሌላ ባክቴሪያም ሊመጡ መቻላቸው ነው፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ ምርመራ፣ በተለይ ደሙ በጥቂቱ ቀጥኖ የታየ ምላሽ ሲሆን፣ ታይፎይድ መኖሩን አያረጋግጥም፤ የሚያረጋግጠው የደም ባክቴሪያ ማሳደግ ሲሆን እሱም በአብዛኛው ጤና ተቋም አይገኝም። የላቦራቶሪ ባለሙያው ይህን ገደብ በመማሪያ መጽሐፉ አንብቦታል፤ በውጤት ወረቀቱ ላይ ግን «ሪአክቲቭ» የሚለውን ብቻ ይጽፋል፤ ያዘዘው ባለሙያም አንቲባዮቲክ ይጽፋል፤ ታካሚውም እውነተኛው በሽታው ሳይታወቅ ይውጠዋል፤ ጀርሞቹም መድኃኒቱን ይላመዳሉ። ከውጤቱ ሥር «ይህ ውጤት ብቻውን በሽታውን አያረጋግጥም፤ ከሕመሙ ምልክት ጋር ይታይ» የሚል አንድ መስመር መጻፍና ጥያቄ ሲነሣ ሐኪሙን በአክብሮት ማስረዳት መቻል፣ ከምርመራው ክሂል ያላነሰ የሙያ ግዴታ ሊሆን ይገባል። ወጣት ባለሙያ ልምድ ላለው ሐኪም እንዲህ ያለ ነገር ለመናገር እንደሚያፍር የታወቀ ነው፤ ማፈሩንም የሚያሸንፈው አስቀድሞ የተለማመደው ሲሆን ብቻ ነው።

ይህ ሀገር ውጤትን መናገር ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን አንድ ጊዜ በታላቅ ዋጋ ተምሯል። ኤች አይ ቪ በኢትዮጵያ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1984 በተሰበሰበ የደም ናሙና ከታወቀና የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን በ1986 ከተገኙ በኋላ፣ ያለ ምክር የተሰጠ ውጤት ቤተሰብ እንደሚበትንና ሰውን ወደ ተስፋ መቁረጥ እንደሚገፋ ስለታየ፣ በፈቃደኝነት ላይ የተመሠረተው የምክርና የደም ምርመራ አገልግሎት ከምርመራው በፊትና በኋላ ምክር እንዲሰጥ ሥርዓት ተበጀለት፤ አማካሪዎች ሠለጠኑ፣ የሚባለውና የማይባለው ተጻፈ፣ ምስጢር መጠበቅ መመሪያ ሆነ። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መታደል ሲጀምር ያ የምክር ሥርዓት ሰውን ከምርመራ ወደ ሕክምና ያሻገረ ድልድይ ነበር። ለአንድ በሽታ የተሠራው ለሌላው የማይሠራበት ምክንያት የለም። በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ ናሙና መጀመሪያ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይላክ በነበረበትና በኋላም በኢትዮጵያ ሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት መመርመር በተጀመረበት ጊዜም፣ የላቦራቶሪ ቁጥር በየቀኑ ለሕዝብ ሲነገር ሀገሪቱ ሁሉ አዳምጣለች።

የሥልጠናው ሥርዓት ለዚህ ቦታ የለውም ማለት አይደለም። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የሙያ ሥልጠና በደረጃ ተከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ሙያ የብቃት መመዘኛ ተጽፎለት፣ ሠልጣኙ ሲጨርስ ሲኦሲ በሚባለው የብቃት ምዘና እንዲያልፍ ተደርጓል፤ በመመዘኛዎቹም ውስጥ የሥራ ቦታ ተግባቦትን የሚመለከት ክፍል ይገኛል። ይሁንና ክፍሉ ለሁሉም ሙያ የወል ስለሆነ፣ ለግንበኛውም ለሒሳብ ሠራተኛውም የሚሆን ስለ ስብሰባና ስለ ቅጽ አሞላል የሚያወራ ነው፤ ስለ አክታ ዕቃ፣ ስለ ዊዳል ገደብ፣ ስለ አዊኛ ተናጋሪ እናት አያነሣም። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ደግሞ አዲስ ገቢዎች የሚወስዱት የተግባቦት ኮርስ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ክሂል ነው፤ ለንባብና ለሪፖርት ይጠቅማል፤ ታካሚውን ለማነጋገር ግን የሚረዳው ጥቂት ነው።

ነገሩ በሌላ አገር እንዴት እንደተያዘ ብናይ፣ በአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1901 በኢሊኖይ ከተከፈተው ከጆሊየት ኮሌጅ ጀምሮ የተስፋፉት የሁለት ዓመት ኮሌጆች፣ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን የሚያሠለጥኑት ከኬሚስትሪና ከሆስፒታል ልምምድ ጋር የጽሑፍና የንግግር ኮርሶችን አዳብለው ነው። ከዚያ ሊወሰድ የሚገባው ሐሳቡ ነው፤ ማለትም የመካከለኛ ደረጃ ባለሙያም ሰው ማነጋገር መማር ይገባዋል የሚለው። ኮርሶቹን እንዳሉ መቅዳት ግን የወሉን ክፍል በሌላ የወል ክፍል መተካት ይሆናል፤ እዚህ የሚፈለገው በላቦራቶሪው ሥራ ውስጥ የተጠለፈ ተግባቦት ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው ብርቱ ተቃውሞ የላቦራቶሪ ባለሙያ ውጤት ለታካሚ መተርጎም የለበትም፣ ያ የሐኪሙ ድርሻ ነው የሚለው ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ነገር ግን ይህ ድንበር ራሱ ተግባቦት ካልተማሩ የማይጠበቅ ነው። ታካሚው ወረቀቱን ይዞ «ምን አለብኝ?» ሲል ዝም ማለትም፣ ሳያስቡ «ምንም የለብህ» ማለትም እኩል ይጎዳሉ፤ ተገቢው መልስ ምርመራው መጠናቀቁን፣ ማን እንደሚያስረዳውና አሁን ወዴት እንደሚሄድ መንገር ነው። ጊዜ የለም፣ ሠልጣኙ ብዙ ነው የሚለው ሌላው ተቃውሞ ደካማ ነው፤ የሥልጠናው አብዛኛው ሰዓት የተግባር እንዲሆን የተወሰነ ስለሆነና የትብብር ሥልጠናው በጤና ጣቢያና በሆስፒታል ስለሚሰጥ፣ የሚያስፈልገው አዲስ ኮርስ ሳይሆን በዚያው ልምምድ ላይ ተቆጣጣሪው የሚመዝነው ነገር መጨመሩ ነው።

ሥራው ከአዊ ሊጀመር ይችላል። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲና በከተማዋ የሚገኘው የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ ከዞኑ ጤና መምሪያ ጋር ሆነው ለናሙና አወሳሰድ የሚያስፈልጉትን መመሪያዎች በአዊኛና በአማርኛ ማዘጋጀት፣ በግምጃ ቤት፣ በዳንግላና በቻግኒ ባሉ ላቦራቶሪዎች መሞከር፣ አረጋውያንና እናቶች ሰምተው ምን እንደተረዱ መልሰው እንዲናገሩ በማድረግ ማረም ይችላሉ፤ ለደም፣ ለአክታና ለሽንት በሕዝቡ አፍ ያለውን ክቡር አጠራር የሚያውቁት የቋንቋው ተናጋሪዎች ናቸውና። በብቃት ምዘናው ደግሞ መዛኙ ለተመዛኙ የደም ፊልም ከመስጠቱ ጋር አንድ ተጨማሪ ሥራ ይስጠው፦ በሕፃናት ክፍል የተኛ፣ ከወባ የተነሣ ራሱን የሳተ ልጅ የደም ስኳሩ 32 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሆኖ ተገኝቷል፤ እንዲህ ያለው ወዲያው ካልታከመ የሚገድል ውጤት አስጊ ውጤት ይባላል። ተመዛኙ ወረቀቱን በመስኮት እንዳያስቀምጥ፣ ተረኛውን ባለሙያ ፈልጎ በስልክ ወይም በእግሩ እንዲደርስ፣ የልጁን ስም፣ የካርድ ቁጥሩንና ውጤቱን እንዲናገር፣ ሰሚው መልሶ እንዲያነብለት እንዲጠይቅ፣ የሰሚውን ስምና ሰዓቱን በመዝገብ እንዲያሰፍር ይጠበቅበታል፤ ይህን ካላሟላ፣ ስላይዱን በትክክል አንብቦም ቢሆን፣ ሰርተፍኬቱን ሊወስድ አይገባም።